መወርወሪያው በውጭ በኩል

ሰፈራችን ውስጥ ሌባ መግባት የጀመረው ጥግ ላይ ካለው የፋርማሲስቱ ቤት ነው። ቀጥሎ ጡረተኛው አስተማሪ ተኝተው ሲያንኮራፉ ቴሌቪዥናቸውን ከራስጌያቸው አነሱባቸው። ከዚያ መንታ ልጆች ያሏት ጎረቤታችን የጋዝ ምድጃዋን ከነሲሊንደሩ አጣች። በነጋታው ሰፈርተኛው በሙሉ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ "ጊዜው ከፋ" ይባባላል፤ ሲመሽ ግን ያንኑ የላላ በሩን ገፋ አድርጎ ይተኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሌባ እኮ ዝናብ አይደለም፣ ከሰማይ አይወርድም። የሚገባው በበር ወይም በመስኮት ነው።

ሥራዬን ብነግራችሁ ንዴቴ ይገባችኋል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሴቶች እስር ቤት ጠባቂ ነበርኩ፤ መጨረሻ ላይ የሌሊት ተረኞች ኃላፊ ሆኛለሁ። ወገቤ ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ቀለበት ከክብደቱ የተነሳ ቀኝ ዳሌዬን ዝቅ አድርጎት ቀርቷል፤ ዛሬም ስራመድ ወደዚያ አዘነብላለሁ። የሰፈሩ ልጆች "አለቃ" ይሉኛል። ሲጀምሩ ሊያናድዱኝ ነበር፤ እኔ ወድጄው አረፍኩት።

የምኖረው ከልጄና ከልጅ ልጄ ጋር ነው። ልጄ ዳቦ ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ከርሞ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል ያደርጋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። አማቼን እወደዋለሁ፤ ለመጣላት የሚበቃ ጊዜ አብረን ቆይተን አናውቅም። የልጅ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከንጋት እስከ ማታ "ለምን?" ስለምትል "ለምንዬ" የሚል ስም አወጣሁላት፤ አሁን መምህሯም ሳይቀር በዚያው ነው የሚጠራት።

አንድ ቀን ራት እየበላን ልጄ፣ "የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው" አለች። ከሊጥ ክፍል ጀምራ ክንዷ እስኪዝል የለፋችበት ቦታ ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት፣ "ግን" አለች።

"ግን ምን?"

"እኔ ሌሊት ቤት የለሁም፣ አባቷ መንገድ ላይ ነው፣ ሰፈሩን ደግሞ እያየሽው ነው። ለምንዬን ወደ አክስቷ እልካታለሁ። እዚያ ግቢው ዘበኛ አለው፣ ውሻ አለው። ለጊዜው ነው እማዬ።"

"ለጊዜው" የምትለዋን ቃል ጠንቅቄ አውቃታለሁ። እኛ ዘንድ የገባችው ሁሉ ስትመጣ ለጊዜው ነበር የመጣችው።

"እኔስ? እኔ እዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?" አልኳት።

"አርጅተሻል" አላለችኝም፤ ዓይኗ ግን ሸርተት ብሎ ወደ ጉልበቴ ሄደ። ከስድብ ሁሉ የባሰው እሱ ነው። አክስትየው ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ ለምንዬ ከሄደች የማያት በዓመት አንዴ፣ ለዚያውም አድጋ፣ ለዚያውም አፍራ ነው። ጠዋት ፀጉሯን ስሠራላት "እማማ፣ ለምን ነው ፀጉር ሲቆረጥ የማያመው?" ካላለችኝ ቀኑ አይነጋልኝም። ግን ማልቀስ አልወድም፤ ትእዛዝ መስጠት ነው የምወደው።

"ባልሽ ከመንገድ እስኪመለስ ጊዜ ስጪኝ። ይህን ቤት ዝንብ የማይገባበት አደርገዋለሁ። ሳይሆን ቢቀር ሻንጣዋን እኔው ራሴ አዘጋጃለሁ" አልኳት።

"ቃልሽ ነው?"

"አለቃ አንድ ጊዜ ነው የምትናገረው።"

በነጋታው ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቤቴን እንደ ባዕድ ቤት አየሁት። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት የኖርኩበት ቤት ሌባን "ና ግባ" እያለ ሲጋብዝ ኖሯል። የዛፋችን ቅርንጫፍ አጥሩን አልፎ እጁን ዘርግቷል። የውኃ በርሜላችን እንደ ደረጃ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የበረንዳው አምፖል ከተቃጠለ ከርሟል። የበሩ ቁልፍ ደግሞ የአበባ ማሰሮ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ያንን የማያውቅ የሰፈር ሰው ካለ በቅርብ የገባ ተከራይ ብቻ ነው።

ቅርንጫፉን አስቆረጥኩ። በርሜሉን እየተራገምኩ ራሴ አንከባልዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። አምፖሉን ቀየርኩ። ጎን ያለው ሕንፃ ሲሠራ የተረፈውን ጠጠር ለምኜ መስኮቶቹ ሥር አፈሰስኩት፤ ድመት እንኳ ስትረግጠው ይንኮሻኮሻል። የግቢው በር ላይ ደወል አሰርኩ። የአማቼን አሮጌ ቦት ጫማ ጭቃ ቀብቼ በየማታው ደፍ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ያየው ሁሉ ትልቅ ሰውዬ ቤት ውስጥ አለ እንዲል ነው። እውነቱን ለመናገር ጫማው ከባለቤቱ የበለጠ ቤት አዳሪ ሆነ።

ቤት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብም ይዘጋጃል። አምፖል ሳይበራ መጋረጃ ይዘጋል። ማን ነው ሳይባል በር አይከፈትም። የቤታችን ጉዳይ ሱቅ አይደርስም።

"ባለሱቁ 'እናትሽ ማታ ማታ የት ትሄዳለች?' ቢልሽ ምን ትያለሽ?" አልኳት ለምንዬን።

"ተኝታለች እላለሁ።"

"ጎበዝ። 'አባትሽስ?' ቢልሽ?"

"እሱም ተኝቷል። እማማ፣ ለምን ሁሉም ሰው ይተኛል?"

መጨረሻ ላይ ብረት በያጁን ጠራሁት። ወጣት ነው፣ እጁ የተባረከ ነው፤ እኔን ግን እንደ መብረቅ ይፈራኛል። ለመስኮቶቹ ፍርግርግ፣ ለመኝታ ቤቱ የብረት በር፣ ለዋናው በር ደግሞ ጡንቻ የሚያክል መወርወሪያ አዘዝኩት። ሊበይድ መነጽሩን ካደረገ በኋላ መልሶ አወለቀው።

"እማማ፣ የሁለቱም በር መወርወሪያ በየት በኩል ይሁን?"

"በውጭ በኩል ነዋ!"

"በውጭ?"

"ጆሮህን ያምሃል?"

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ልጄ ቤቱን የምታይበት ቀን ጠዋት ሥራውን ሲጨርስ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር።

ልጄ የእረፍት ቀኗ ስለነበር ቤቱን ልትፈትሽ ተነሳች። ቅርንጫፉን አየች። ጠጠሩን ረገጠች። ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው፤ ፍንክች አላለም። ቅንድቧ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁ። እሷ ስትደነቅ ቅንድቧ ነው የሚናገረው፤ እኔም በሆዴ "ሻንጣ ብሎ ነገር የለም" አልኩ።

"ገና ነው" አልኳት። "አንቺና ለምንዬ መኝታ ቤት ግቡ።"

ገቡ። የብረቱን በር ዘጋሁት። መወርወሪያውን ሳንሸራትተው ያ የማውቀው "ቀጭ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከጡረታ በኋላ የዚያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

"ይኸው! አሁን ማን ይገባል?" አልኩ።

ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ። "እማዬ፣ አንቺ የት ነሽ?"

"ውጭ ነኛ።"

"ሌባውስ የት ነው?"

"ውጭ ነው።"

"መወርወሪያውስ?"

መወርወሪያውን አየሁት። በእጄ ይዤዋለሁ።

"እማማ፣ ለምን ሌባው አይከፍተውም?" አለች ለምንዬ ከውስጥ። የጠየቀችው ለማወቅ ነው፤ እሷ አትቀልድም።

ዕድሜ ልኬን በር ስዘጋ የቆምኩት በውጭ በኩል ነው። እጄም ሌላ አያውቅም። ከፈትኩላቸው። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች፤ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀስ በቀስ ግን ሳቋ ጠፋ። አልጋው ላይ ተቀምጣ ዙሪያውን አየች።

"እሺ፣ መወርወሪያው ይዛወር። ግን ቢገባስ? ሌባ መሆኑ ቀርቶ እሳት ቢነሳስ? መስኮቱ ተበይዷል። በሩ አንድ ነው። ልጄ በየት ትወጣለች?" ድምፇን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ በተሻለኝ። "እማዬ፣ እስር ቤት ነው የሠራሽልን። እሁድ አባቷ ይመጣል፤ ይዟት ይሄዳል።"

ከዚያ በኋላ ለሰው ፊት አልሰጠሁም። ብረት በያጁ ቤት ሄጄ አንባረቅሁበት። "ጠይቄዎት ነበር እኮ እማማ" አለኝ አንገቱን ደፍቶ። ጠይቆኛል። እውነት ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። ተመልሼ ጓሮ በርሜሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እንዳይወጣ ማድረግ አውቃለሁ። ሰው እንዳይገባም ተምሬአለሁ። ሰው እንዲወጣ ማድረግን ግን ማን ያስተምረኛል? ይህን እያሰብኩ ከጓሮው አጥር ወዲያ የስፌት መኪና ድምፅ ሰማሁ፤ ብድግ አልኩ።

ከኋላችን ባለው ቅያስ መጋረጃ የምትሰፋ ሴት አለች። በእኔ ጊዜ እስረኛ ነበረች። እኛ ጠባቂዎቹ "ጭስ" አልናት፤ ምክንያቱም ከእኔ እጅ ያመለጠች እሷ ብቻ ናት። በየት እንደወጣች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ፍለጋው ደርቶ እያለ በራሷ እግር መጥታ ዋናውን በር አንኳኳች። "እናቴ ታማ ነበር፤ አይቻታለሁ፤ አሁን ክፈቱልኝ" አለች። ከዚያ የቀራትን ጊዜ ጨርሳ ወጣች። አሁን የምትኖረውም የምትሰፋውም እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ሳልፍ "እንደምን ዋሉ አለቃ?" ትለኛለች፤ እኔም ራሴን ነቅነቅ አድርጌ አልፋለሁ። አንድም ቀን ቆሜ አውርቻት አላውቅም።

የዚያን ቀን ቆምኩ። ጭስ መርፌውን አቆመች።

"አለቃ! ዛሬም ሊቆጥሩኝ መጡ?"

"ቤቴን እንድታዪልኝ ነው።"

"መጋረጃ ፈልገው ነው?"

"መውጫ ፈልጌ ነው" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ትስቅብኛለች ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ አልሳቀችም። ጨርቁን አጣጠፈችና ጫማዋን አደረገች።

ቤቴን ሁሉ አሳየኋት። ጠጠሩን "ደስ ይላል" አለች፣ ቦት ጫማውን አይታ ፈገግ አለች፣ ወደ ፍርግርጉ ግን ዞር ብላም አላየች። በቀጥታ መኝታ ቤት ገብታ ጫማዋን አወለቀችና የለምንዬ አልጋ ላይ ጋደም አለች።

"ምን መሆንሽ ነው?" አልኳት።

"መውጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከምትተኛበት። እርስዎ ከበሩ ነው የጀመሩት።" ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ዳሰሰች፣ ተነሳች፣ እየዳሰሰች ሄደች፣ የኋለኛው መስኮት ላይ ቆመች። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አጥር በሌለው ጎን በቀጥታ ወደ ቅያሱ ነው የሚከፈተው። "በዚህ ነው። ፍርግርጉ በማጠፊያ ይከፈት። መያዣው በውስጥ በኩል ሥር ላይ ይሁን፣ በላሜራ ይሸፈን፣ ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት። ልጅቷ በአንድ እጅ፣ በጨለማ፣ ያለ ቁልፍ መክፈት አለባት። ማጠፊያው ግራሶ ይቀባ፤ ድምፅ ካወጣ አለቀላት።"

"ያንቺም መስኮት ግራሶ ተቀብቶ ነበር?" አልኳት ሳላስበው።

"የእኔ ቅቤ ነበር" አለች። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም።

ብረት በያጁ ተመልሶ መጣ። ሳቁን አፍኖ፣ "እማማ፣ መያዣው በየት በኩል ይሁን?" አለኝ። "በውስጥ" አልኩት፤ "አንዲት ነገር ብትጨምር ግን ፍርግርጉን አንተው ላይ ነው የምበይደው።" የመኝታ ቤቱንም መወርወሪያ ወደ ውስጥ አዛወረ። ጭስ የዋናውን በር መወርወሪያ እያየች "ይህንንስ?" አለችኝ። አስነሳዋለሁ አልኳት። አላስነሳሁትም። ያ መወርወሪያ አበያየዱም አንሸራተቱም ያምር ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም።

"ልጅቷ ከወጣች በኋላስ ወዴት ነው የምትሮጠው?" አለች ጭስ።

"ወደ ጎረቤት።"

"ጎረቤትዎ ተኝቷል። እስኪነቃ፣ ማን ነው እስኪል፣ ቁልፉን እስኪፈልግ ስንት ጊዜ ነው? ወደ እኔ ትምጣ።"

ለምንዬን፣ የዓይኔን ብሌን፣ ከእስረኛዬ ደጃፍ? ፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም።

"አለቃ፣ እኔ ሌሊት አልተኛም" አለች። "በየሰዓቱ እየመጡ ባትሪ ፊቴ ላይ ያበሩ ነበር፤ ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። ከወጣሁም በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ሌሊቱን እሰፋለሁ። መብራቴ ሁልጊዜ በርቷል። የልጅቷን ኮቴ ካለማመዱኝ ሳታንኳኳ እከፍትላታለሁ።"

ቂም ይዛ አይደለም የተናገረችው፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ። አንጀቴን በላችው። ያ ባትሪ የእኔ ነበር። መጨረሻም ራሷ በሩን አንኳኩታ የተመለሰች ሰው ይህች ናት፤ ከእሷ የበለጠ የማምነው ጎረቤት ማነው? ስቆጥር አላገኘሁም።

"እሺ። ለምንዬ ወደ አንቺ ትመጣለች" አልኳት። "አንቺም ወደ እኛ ነይ። በመስኮት ሳይሆን በበር።"

ያን ሰሞን ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። በጠራራ ፀሐይ የለምንዬን ዓይን በሻርፕ አስሬ አልጋዋ ላይ አስተኛታለሁ፤ ጭስ ከውጭ ጠጠሩን ትረግጣለች፤ ለምንዬ ትነሳለች። ግድግዳውን ይዛ፣ ሳጥኗ ላይ ወጥታ፣ መያዣውን ስባ፣ ፍርግርጉን ገፍታ ሹልክ። ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ድመት ሆነች። ችግሩ እኔ ነኝ። ቀኝ ዳሌዬ መስኮቱ ላይ ተቀረቀረና ግማሼ ቤት ግማሼ ቅያስ ቀረ። አንድ ጋሪ ገፊ አይቶኝ "እማማ፣ ሊሰርቁ ነው ወይስ ተሰርቀው?" አለኝ። ጭስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። በኋላ ራሷ አስተማረችኝ፤ መጀመሪያ ግራ እግር፣ ከዚያ ጎን ለጎን፣ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ።

"አሻንጉሊቴንስ?" አለች ለምንዬ።

"ምንም አይያዝም።"

"ለምን?"

"አሻንጉሊቷን ሌባ አይፈልጋትም። አንቺን ግን እኔ እፈልግሻለሁ።"

ይህ መልስ አረካት፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የአማቼ መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሰማያዊዋ ሻንጣ ታስራ መተላለፊያው ላይ ተቀምጣለች። ልጄ ፊቷ ደክሟል፤ ማልቀሷን ደግሞ ደብቃኛለች። "አንድ ጊዜ ፈትኚን" አልኳት። "ሌባዋ አንቺ ነሽ።"

"እንዲቀልላችሁ አላደርግም" አለች። "የመኝታ ቤቱን በር ሰብሬዋለሁ እንበል። አትቀርቅሩት።"

"ይሁን።"

መጋረጃውን ዘግተን እኔና ለምንዬ ተኛን። የለምንዬ እጅ ሙቅና ደረቅ ነው። ደወሉ ጮኸ። ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። የዋናው በር ሲከፈት ለምንዬ አልጋው ላይ የለችም። እኔም ግራ እግር፣ ጎን ለጎን፣ ትንፋሽ ዋጥ። ቅያሱ ላይ ስወርድ የጭስ በር ተከፍቷል፤ ለምንዬ ውስጥ ገብታ ጨርቅ መሀል ተቀምጣለች። ልጄ መኝታ ቤት ገብታ "እማዬ? ለምንዬ?" ስትል ሰማኋት።

በዚህ ብቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። እኔ ግን መቼ ልቁም? ዳሌዬ የፈቀደውን ያህል ሮጬ ቤቱን ዞርኩና ያን የሚያምር መወርወሪያ ዋናው በር ላይ "ቀጭ!" አደረግሁት።

"ሌባ ተያዘ!" ብዬ ጮህኩ። አማቼ መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ በሳቅ ፈነዳ።

"እማዬ፣ ክፈቺ!" አለች ልጄ ከውስጥ እየሳቀች።

"መጀመሪያ መልሺልኝ። ልጅቷ ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?"

መልስ የለም።

"አየሽ አይደል ሲሠራ? ምን ቀረሽ?"

አሁንም ዝም። ግትርነቷ የእኔው ስለሆነ አውቀዋለሁ። በሩን ተጠግቼ ግንባሬን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ድምፄ ሳላዘው ዝቅ አለ።

"ስሚኝ። ጉልበቴን ስታዪው አይቻለሁ። ማርጀቴ እውነት ነው። ግን ያች ልጅ ከዚህ ቤት ከሄደች ይህ ሁሉ ብረት ምኑን ይጠብቃል? ቴሌቪዥኑን? ይውሰዱት። ምድጃውንም ይውሰዱ። ዕድሜ ልኬን ሰዎች የማይፈልጉትን በር ጠብቄአለሁ። አሁን አንድ የምወደው በር አገኘሁ፤ እሱንም ከፊቴ ልትወስጂብኝ ነው። ጠዋት የማን ፀጉር ልሠራ ነው?"

ከውስጥ ኮቴ እንኳ አይሰማም። እጄ መወርወሪያው ላይ ነው። "ትቀራለች" እስክትለኝ ድረስ ላለመክፈት እችል ነበር። ግን ከበር ወዲያ ሆነው "እሺ አለቃ" ያሉኝን ብዙ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም አምኜው አላውቅም።

"ተይው፣ አትመልሺልኝ" አልኩ። "ውጪና እንደፈለግሽ ወስኚ።"

መወርወሪያውን ሳብኩት። በሩን ከፈትኩ። መተላለፊያው ላይ ሻንጣዋ ብቻ አለች። መኝታ ቤቱ ባዶ ነው። የኋላው ፍርግርግ ተከፍቶ መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል።

ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። ቀሚሷ ግራሶ ነክቶታል፣ ክርኗ ላይ ኖራ አለ፣ ለምንዬን በእጇ ይዛለች። ከኋላቸው ጭስ አለች። አማቼ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆይቷል፤ ብርቱካኑን ረስቶታል። ሁሉንም ሰምተዋል። ልጄ ዓይኗ ሞልቷል።

"መውጫው ይሠራል እማዬ" አለች። "ገና 'ክፈቺ' ብዬሽ ወዲያው ነው የወጣሁት።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ሻንጣውን ወደ ውስጥ አስገባልኝ። ልጄ የትም አትሄድም።"

አቀፈችኝ። እኔም አቀፍኳት፤ ቀሚሷ ላይ ያለው ግራሶ እኔንም ነካኝ። በትከሻዋ በኩል ጭስ ትስቃለች።

"አለቃ፣ እንግዲህ ሁለት ሰው አመለጠዎት" አለችኝ።

"በአንቺ ጊዜ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ" አልኳት። "በዚህችኛዋ ግን ዛሬ ጥሩ አድርጌ ነው የምተኛው።"

"እማማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?" አለች ለምንዬ።

"ግራሶ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።"

አላመነችኝም።

ብረት በያጁ በዚያው ቀን መጥቶ መወርወሪያውን ከውጭ ቆርጦ አነሳው። በየት በኩል ልበይደው ብሎ አልጠየቀኝም፤ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። በነጋታው ሲመሽ ልጄ የአዲሱ ሥራዋን ጋውን አጥፋ በክንዷ ይዛ ወጣች። የግቢው በር ላይ ቆማ ዞር አለች፤ ለምንዬ ቀሚሴን ይዛ እጇን አውለበለበችላት። የአማቼን ቦት ጫማ ደፍ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ቤት ገባሁና በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።